ከፓርኪንጉ በፊት ዛፉን ቁጠሩ፦ በሜሪላንዱ ሞንጎመሪ ካውንቲ ለሚገነባ ሰው

ሲልቨር ስፕሪንግና ዊተን አካባቢ ምግብ ቤት፣ የሕፃናት ማቆያ ወይም የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ለመሥራት ቦታ የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ግቢው ስንት መኪና እንደሚያቆም ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚጠየቅበት ሰዓት ግን ይፈጥናል። በካውንቲው ሕግ የመኪናው ቁጥር በትክክል የሚታወቀው ዛፉ፣ ቁጥቋጦውና አጥሩ የሚወስዱት መሬት ተቀንሶ ካለቀ በኋላ ነው። ይህ ሂሳብ ከግዢው ውል በፊት በእርሳስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ከውሉ በኋላ ከተሠራ ግን የአዳራሹን መጠን እስከ ማስቀነስ ይደርሳል።

በመጀመሪያ መሬቱ በማን ሥር እንደሆነ ይጣራ። ሲልቨር ስፕሪንግ የራሱ ማዘጋጃ ቤት ስለሌለው የሚገዛው የካውንቲው ሕግ ነው። ሮክቪልና ጌይተርስበርግ እዚያው ካውንቲ ውስጥ ሆነው የየራሳቸው የዞኒንግ (የመሬት አጠቃቀም) ሕግ አላቸው። ታኮማ ፓርክ ውስጥ የግንዱ ዙሪያ 24 ኢንች የደረሰ ዛፍ በራስ ግቢም ቢሆን ያለ ከተማው ፈቃድ አይነካም። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ የፖስታ አድራሻው «አሌክሳንድሪያ» የሚል ብዙ ቦታ ከተማዋ ውስጥ ሳይሆን ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው፤ በዚያ ከመኖሪያ ሰፈር የሚለየው የተክል መከለያ እንደ አገልግሎቱ ዓይነት 25፣ 35 ወይም 50 ጫማ ስፋት ይጠየቅበታል። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የጸደቀ የወዳጅ ፕላን ይዞ ፌርፋክስ ውስጥ ወዳለው ቤይሊስ ክሮስሮድስ መሄድ ትርፉ ድካም ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ስለ ሞንጎመሪ ካውንቲ ብቻ ነው።

አሁን የሚሠራበት የካውንቲው የዞኒንግ ሕግ ከጥቅምት ወር 2014 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ የጸና ነው። ለእኛ ዓይነቱ ግንባታ ትልቁን መሬት የሚወስደው ክፍል 6.2.9 ሲሆን እዚህ የምንቆጥረው 10 እና ከዚያ በላይ መኪና ለሚያቆም ክፍት ፓርኪንግ የሚለውን ነው። ከፓርኪንጉ ጠቅላላ ስፋት ቢያንስ 5 በመቶው በመካከሉ በሚተዉ የተክል ቦታዎች፣ ማለትም በአይላንዶች፣ መያዝ አለበት። እያንዳንዱ አይላንድ ሳይቆራረጥ ቢያንስ 100 ካሬ ጫማ ይሆናል። በሁለት አይላንዶች መካከል ከ20 በላይ መኪና መደርደር አይቻልም። ከዚህም ሌላ ዛፎቹ ከ20 ዓመት በኋላ ከፓርኪንጉ 25 በመቶውን በጥላቸው እንደሚሸፍኑ በፕላኑ ላይ ማሳየት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው 5 በመቶውን አሟልቶ 25 በመቶውን ይረሳዋል፤ ፕላኑም በዚያው ይመለሳል።

ዙሪያው የተለየ ሂሳብ አለው። ጎረቤቱ በመኖሪያ ቤት ዞን ያለና ባዶ ወይም ሰው የሚኖርበት ከሆነ በዚያ በኩል የ10 ጫማ ስፋት ያለው የተክል መስመር ይተዋል። በላዩ ላይ ቁመቱ ቢያንስ 6 ጫማ የሆነ አጥር፣ ግንብ ወይም የቁጥቋጦ አጥር ይቆማል። በየ30 ጫማው አንድ ትልቅ ጥላ ዛፍ፣ ለእያንዳንዱ ትልቅ ዛፍም ሁለት መለስተኛ ዛፎች ይተከላሉ። ጎረቤቱ ሌላ ዓይነት ዞን ወይም መንገድ ሲሆን ስፋቱ ወደ 6 ጫማ፣ የቁጥቋጦው ወይም የግንቡ ቁመት ወደ 3 ጫማ ይወርዳል፤ ትልቁ ዛፍ ግን በየ30 ጫማው እንዳለ ይቀጥላል። በዚህኛው በኩል ያለው ጎረቤት ራሱ ፓርኪንግ ከሆነ መስመሩ አይጠየቅም።

በቁጥር እንየው። 14,000 ካሬ ጫማ ስፋት ያለው፣ በወረቀት 40 መኪና የሚይዝ ፓርኪንግ እንበል። 5 በመቶው 700 ካሬ ጫማ ነው። አንድ መኪና ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ቦታ 8.5 በ18 ጫማ ነው፤ አንዱን ቦታ ወደ አይላንድ ስትለውጡት የጠርዝ ኮንክሪቱ ከሁለቱ ጎንና ከአንዱ ጫፍ ሲቀነስ የሚተርፈው አፈር 7.5 በ17.5፣ ወደ 131 ካሬ ጫማ ይሆናል። 700ን ለ131 ስታካፍሉ 5.3 ይመጣል፤ ስለዚህ ስድስት አይላንድ ያስፈልጋል፣ ስድስት መኪናም ሄደ። ጥላው 25 በመቶ ሲሆን 3,500 ካሬ ጫማ ነው። በ20 ዓመት የጥላው ወርድ 30 ጫማ ይደርሳል ተብሎ የሚቆጠር ዛፍ ወደ 707 ካሬ ጫማ ስለሚሸፍን አምስት ዛፍ ይበቃል። ወርዱ 25 ጫማ ብቻ የሆነ ዝርያ ከመረጣችሁ አንዱ የሚሸፍነው 491 ስለሆነ ስምንት ያስፈልጋችኋል፤ ስምንት ዛፍ ደግሞ ስድስት አይላንድ ውስጥ አይገባም። የዛፍ ዝርያ ምርጫ የውበት ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው እዚህ ላይ ሁለት መኪና ያጣል። በመጨረሻ ከኋላ 120 ጫማ ርዝመት ያለው የመኖሪያ ቤት ድንበር ካለ 10 ጫማው መስመር 1,200 ካሬ ጫማ ይበላል፤ በስፋት ወደ ስምንት መኪና ማቆሚያ ማለት ነው። አራት ትልልቅና ስምንት መለስተኛ ዛፎችም እዚያው ላይ ይጨመራሉ። አርባው መኪና ወደ ሃያ ስድስት ገደማ ወረደ።

እውነተኛ ችግር ያለበት ቦታ፣ ለምሳሌ ጠባብ ወይም ተዳፋት መሬት፣ በክፍል 6.8 ሕጉን በሌላ አማራጭ መንገድ ለማሟላት መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው የሚሳካው ግን «ቦታ ጠበበኝ» በሚል ሳይሆን በምትኩ የሚቀርበው የሕጉን ዓላማ እንዴት እንደሚያሟላ በሥዕል ሲያሳይ ነው። እኔ በዚህ ላይ ተማምኖ መሬት መግዛትን አልመክርም።

ፓርኪንጉ ብቻ ሳይሆን ሕንጻውም መከለያ ሊጠየቅበት ይችላል። በክፍል 6.5 ሠንጠረዦች መሠረት ከመኖሪያ ሰፈር ጋር የሚዋሰን ሕንጻ እንደ ዓይነቱ የተለያየ ግዴታ አለው፤ በብዙዎቹም ምርጫ ይሰጣል፦ ጠበብ ያለ መስመር ከአጥር ወይም ግንብ ጋር፣ ወይም አጥር የሌለው ሰፊና ጥቅጥቅ ያለ ተክል። በየ100 ጫማው ስንት ዛፍና ስንት ቁጥቋጦ እንደሚያስፈልግ እዚያው ተቆጥሮ ተቀምጧል። ማታ እስከ ዘግይቶ ለሚሠራ ምግብ ቤት የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። የመኪና መብራት ወደ ጎረቤት መኝታ ቤት እንዳይገባ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚያግደው አጥር ነው፤ ቁጥቋጦ ያንን ለማድረግ ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል። አጥሩ ግን ተክሉን አይተካም። ሁለቱም ይቆጠራሉ።

እዚህ ላይ የአገራችን ልማድ ይጋጫል። አዲስ አበባ ላይ ግቢ ማለት ከሰው ቁመት በላይ የሆነ አጥር ነው። ሞንጎመሪ ውስጥ 6.5 ጫማና ከዚያ በታች የሆነ አጥር ከድንበር መራቅ አይጠየቅበትም፤ ከዚያ ካለፈ እንደ ሕንጻ ከድንበሩ ወደ ውስጥ ሊሸሽ ይገደዳል። ሕጉ የሚለው ቢያንስ 6 ስለሆነ የምትጫወቱበት ቦታ ስድስት ኢንች ብቻ ነው። በመንገድ በኩል ደግሞ የሚፈለገው ዝቅ ያለ ነገር ነው፤ የሚወጣ ሹፌር የእግረኛ መንገዱን ማየት አለበት። 3 ጫማ ላይ ተቆርጦ የማይቆይ ረጅም ዝርያ መግቢያው ጥግ ላይ መትከል በየዓመቱ የመከርከሚያ ወጪ መግዛት ነው።

የቆሻሻ ገንዳው (ደምፕስተሩ) ጉዳይ በሥዕል ትንሽ፣ በተግባር ትልቅ ነው። ለአንድ ባለ 8 ኪዩቢክ ያርድ ገንዳ ውስጡ 10 በ10 ጫማ የሆነ ሦስት ጎን ግንብና የማያሳይ በር፣ ወለሉ 6 ኢንች ኮንክሪት፣ ከኋላው ግንብ ፊት ለፊት ሁለት የብረት ቋሚዎች፤ ይህ ካልተደረገ መኪናው ገንዳውን ሲመልስ ግንቡን በዓመት ውስጥ ያፈርሰዋል። ምግብ ቤት ከሆነ የዘይት በርሜሉም እዚያው ስለሚገባ 10 ጫማው አይበቃም። የበሩ ቅጠል ሲከፈት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቁጥቋጦ አትትከሉ። ከላይ ትልቅ ዛፍ እንዳይመጣም አስቡ፤ ከፊት የሚያነሳው መኪና ገንዳውን ሲገለብጥ ከ20 ጫማ በላይ ይወጣል። ፕላን ላይ ባዶ ጥግ ሲታይ ዛፍ መጨመር ይቀናልና፣ ቅርንጫፉን የሚሰባብረው የቆሻሻ መኪና የሚደርሰው በዚያ ነው።

ከዞኒንጉ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሌሎች የዛፍ ሕጎች አሉ። መሬቱ 40,000 ካሬ ጫማና ከዚያ በላይ ከሆነ የደን ጥበቃ ሕጉ ይመጣል። የሜሪላንዱ ሕግ የወጣው በ1991 ነው፤ ካውንቲውም የራሱን አክሎበታል። የመጀመሪያው ሰነድ ኤንአርአይ/ኤፍኤስዲ የሚባለው የዛፍና የተፈጥሮ ሀብት ቆጠራ ሲሆን ፈቃድ ያለው የደን ባለሙያ፣ ላንድስኬፕ አርክቴክት ወይም ብቁ ተብሎ የታወቀ ባለሙያ ያዘጋጀዋል። በዚህ ቆጠራ ላይ በደረት ቁመት ሲለካ የግንዱ ውፍረት 30 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነ ዛፍ ከተገኘ ልዩ ፈቃድ ሳይገኝ አይቆረጥም፣ ሥሩም አይነካም። በብዛት የሚዘነጋው ሁለተኛው ነው። የሥሩ ክልል በአንድ ኢንች ውፍረት 1.5 ጫማ ሬዲየስ ተደርጎ ሲለካ ባለ 30 ኢንቹ ዛፍ በዙሪያው 45 ጫማ፣ ወይም ከ6,300 ካሬ ጫማ በላይ፣ ይይዛል። ዛፉ የጎረቤት ሆኖ ክልሉ ወደ እናንተ መሬት ቢገባም ያው ነው። መሬት ስታዩ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፤ ዙሪያው 94 ኢንች ከሞላ ውፍረቱ 30 ሆኗል።

ለትንሽ መሬት ደግሞ ከ2014 ጀምሮ የሚሠራው የዛፍ ጥላ ሕግ አለ። የአፈር መሸርሸር መቆጣጠሪያ ፈቃድ የሚያስፈልገው ሥራ ሲሆን፣ ለምሳሌ አዲስ ሕንጻ ወይም 5,000 ካሬ ጫማና ከዚያ በላይ መቆፈር፣ በሚነካው መሬት ስፋት ልክ ጥላ ዛፍ ይጠየቃል፦ እስከ 6,000 ካሬ ጫማ ሦስት፣ እስከ 8,000 ስድስት፣ እስከ 12,000 ዘጠኝ፣ እስከ 14,000 አሥራ ሁለት፣ እስከ 40,000 አሥራ አምስት ዛፍ። መትከያ ለሌለው በየዛፉ ክፍያ አለ። ቁጥሩ በደረጃ ስለሚዘል የሚቆፈረውን መስመር በጥንቃቄ ማስመር ያዋጣል፤ 8,100 የነበረውን ወደ 7,900 ማውረድ ሦስት ዛፍ ይቀንሳል።

በእግረኛ መንገዱና በመኪና መንገዱ መካከል ያለው ዛፍ የእናንተ አይደለም። አዲስ መግቢያ ለመክፈት እሱን ማንሳት የግዛቱንና የካውንቲውን ፈቃድ ይጠይቃል፤ የሜሪላንድ የመንገድ ዳር ዛፍ ሕግ ከ1914 ጀምሮ ያለ ነው። መግቢያውን ጥቂት ጫማ ማዘዋወር ብዙ ጊዜ ከፈቃዱ ይቀላል።

የፐርሚት ቢሮውም የፕላኒንግ ክፍሉም ዊተን ሪዲ ድራይቭ ላይ አንድ ሕንጻ ውስጥ ናቸው። ነባር ሕንጻ ገዝቶ አገልግሎቱን ለሚለውጥ ሰው ዋናው ጥያቄ የቆየው ፓርኪንግ እንዳለ ይቀጥላል ወይስ ወደ አዲሱ ሕግ መምጣት አለበት የሚለው ነው። መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ያዙ።

ወረቀቱ ካለቀ በኋላ ዛፉን የሚገድለው አፈሩ ነው። በግንባታው ወቅት አይላንድ ተብሎ የታሰበው ቦታ ላይ ከባድ ማሽን ሲመላለስ ይከርማል፤ ከሥሩም ሲአር-6 የሚሉት የተፈጨ ድንጋይ ተነጥፎ ተረግጧል። በመጨረሻው ሳምንት ኮንትራክተሩ ላዩን 6 ኢንች አፈር አልብሶ ይተክላል። ዛፉ የመጀመሪያውን በጋ ከመጣበት አፈር ጋር ያልፋል፣ በሁለተኛው ይደርቃል። ስለዚህ ፕላኑ ላይ በግልጽ ይጻፍ፦ አይላንዱ ውስጥ ያለው ጠጠር፣ አስፋልትና የተረገጠ አፈር ሁሉ እስከ 3 ጫማ ጥልቀት ወጥቶ በጥሩ አፈር ይሞላል፤ ከመሙላቱ በፊትም ባለሙያ አይቶ ይፈርማል። በ131 ካሬ ጫማ አይላንድ ላይ ይህ 393 ኪዩቢክ ጫማ ነው። ትልቅ የሚሆን ዛፍ ደግሞ ወደ 1,000 ኪዩቢክ ጫማ አፈር ይፈልጋል። ሕጉ የሚለው ዝቅተኛው መጠን ያጸድቃል እንጂ ዛፍ አያሳድግም። ከተበታተኑ ትንንሽ አይላንዶች ይልቅ ሁለት ሁለቱን ማዋሐድ፣ ወይም ፊት ለፊት በሚቆሙ መኪኖች መካከል ረጅም መስመር መተው የተሻለ ነው። ያ መስመር ግን የመኪናው አፍንጫ ከጠርዙ አልፎ ወደ 2 ጫማ እንደሚገባ ታስቦ ከ8 ጫማ ባይጠብ ይመረጣል። ቁጥቋጦ በዚያ 2 ጫማ ውስጥ ከተተከለ በክረምቱ መጨረሻ አይኖርም።

ዛፍ ስትቀበሉ ውፍረቱን የምትለኩት ከመሬት 6 ኢንች ከፍ ብላችሁ ነው። ግንዱ 2 ኢንች የሆነ፣ ሥሩ ከነአፈሩ በጆንያ የተጠቀለለ ዛፍ የአፈሩ ወርድ ቢያንስ 24 ኢንች መሆን አለበት፤ 2.5 ኢንች ሲሆን 28፣ 3 ኢንች ሲሆን 32። ከዚህ ያነሰ ካመጡ ሥሩ ተቆርጦ ቀርቷልና መልሱት። ጉድጓዱ የአፈሩን ወርድ ሁለት ሦስት እጥፍ፣ ጥልቀቱ ግን ከቁመቱ የማይበልጥ ይሁን። ግንዱ ወደ ሥር ሲሰፋ የሚታይበት ቦታ ከመሬቱ አንድ ሁለት ኢንች ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ከችግኝ ጣቢያ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ያ ቦታ በአፈር ተሸፍኖ ስለሚደርስ ከላይ ጠርጎ መፈለግ ያስፈልጋል። ሽቦውንና ጆንያውን ቢያንስ ከላይኛው ሲሶ ላይ ቆርጣችሁ አውጡ፤ ግንዱ ላይ የታሰረ ገመድ ከቀረ ከሦስት ዓመት በኋላ ዛፉን ያንቀዋል። የዚህ አካባቢ አፈር ሸክላ ስለሆነ አካፋው የጉድጓዱን ግድግዳ ልስልስ አድርጎ ይዘጋዋል። በመቆፈሪያ ሹካ ቧጥጡት፣ አለዚያ ውኃ እንደ ባልዲ ያቁራል። ማልች (አፈሩን የሚሸፍነው የእንጨት ፍርፋሪ) 2 እስከ 3 ኢንች በቂ ነው፣ ግንዱን ሳይነካ። በየንግድ ቤቱ ደጃፍ የምታዩት ግንዱን እስከ ጉልበት የሚቀብረው የማልች ክምር ቅርፊቱን የሚያበሰብስ መጥፎ ልማድ ነው። ከመቆፈሩ በፊት 811 ደውሉ፤ ቧንቧና ሽቦ ምልክት እስኪደረግ ሁለት ሙሉ የሥራ ቀን ይጠበቃል።

ዝርያ ላይ አስተያየቴ ቀጥተኛ ነው። ለፓርኪንግ ዊሎው ኦክ፣ ብላክ ገም፣ እሾህ የሌለው ሃኒ ሎከስት። በኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር ሬድበድና ሰርቪስቤሪ እንጂ ኦክ አይተከልም። አሽ ዛፍ በጭራሽ፤ ከ2003 ጀምሮ ሜሪላንድ ውስጥ የሚገኘው አረንጓዴ ጥንዚዛ ጨርሶታል። ብራድፎርድ ፔር ርካሽና በፀደይ የሚያምር ቢሆንም ቅርንጫፉ በነፋስ የሚሰነጠቅ፣ በየሜዳው የሚዛመት ወራሪ ነው። ዓመቱን ሙሉ ቅጠል ለሚፈለግበት መከለያ ብዙ ሰው ሌይላንድ ሳይፕረስ በ5 ጫማ ርቀት ይደረድራል፤ ቶሎ ያድጋል፣ ከዚያ በካንከር በሽታ አንድ አንድ እያለ ይደርቅና መከለያው እንደወለቀ ጥርስ ይሆናል። አሜሪካን ሆሊን፣ ኢስተርን ሬድሲዳርንና ግሪን ጃያንት አርቦርቪቴን ቀላቅሉ፤ በሽታ ቢገባ አንዱን እንጂ ሁሉንም አይወስድም። ኤመራልድ ግሪን የሚባለውን አርቦርቪቴ አጋዘን እስከ አንገቷ ድረስ ትልሰዋለች። ለቤተ ክርስቲያን ግቢ ጽድ የሚናፍቁ ብዙ ናቸው፤ ሬድሲዳር የሐበሻ ጽድ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ሁለቱም ጁኒፐር ናቸው፣ የሜሪላንድንም በረዶ ይችላል። ፀሐይ ብቻ አትንፈጉት።

ጊዜውም ዋጋ አለው። አብዛኛው ዛፍ ከጥቅምት እስከ ኅዳር ማብቂያ ቢተከል ይወዳል፤ ኦክና ብላክ ገም ግን በፀደይ ይሻላሉ፣ ቅጠሉ የማይረግፈውም ብርዱ ሳይጠና። ሕንጻው በሐምሌ ካለቀና መክፈት ከፈለጋችሁ ተክሉ ለመኸር እንዲቆይ በዋስትና ቦንድ ማስተካከል ይቻል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በሐምሌ ሙቀት የተተከለ ዛፍ ውኃ ካጣ አንድ ሳምንት አይታገስም። ለእያንዳንዱ ኢንች ውፍረት በሳምንት 10 ጋሎን ስጡ። ለባለ 2 ኢንቹ ግንዱ ላይ የሚታሰረው 20 ጋሎን የሚይዝ የውኃ ከረጢት ልክ ነው፤ ቀስ ብሎ ያንጠባጥባል፤ በየሳምንቱ የሚሞላው ሰው ስሙ ውሉ ላይ ካልተጻፈ ግን ባዶውን ይሰነብታል።

የደረቀ ተክልን መተካት የባለቤቱ ግዴታ ሆኖ ይቀጥላል፤ አንድ ጊዜ ተፈትሾ የሚያልቅ አይደለም። የኮንትራክተሩ ዋስትና ግን በተለምዶ አንድ ዓመት ነው፣ ዛፉ የሚሞተው ደግሞ በሁለተኛው በጋ። ስለዚህ ውሉ ላይ ዋስትናውን ሁለት ዓመት አድርጉ፣ ከተክሉ ሥራ ክፍያ የተወሰነውን እስከዚያ ያዙ፣ ማሰሪያና ድጋፍ እንጨቱ በዓመቱ እንዲነሳም ጻፉበት።